«ልቅረጽሽ?» ከማለታችን በፊት

  

በየዓመቱ ኅዳር አጋማሽ ሲያልፍና የዓለም የኤድስ ቀን ሲቃረብ በየትምህርት ቤቱ ያሉ ፀረ-ኤድስ ክበባት ሽር ጉድ ማለት ይጀምራሉ። ድሮ ዝግጅቱ ግጥም፣ ጭውውትና የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። አሁን ደግሞ ስልክ በየኪሱ ስለገባ «ዘጋቢ ፊልም ለምን አንሠራም?» የሚለው ሐሳብ ይቀድማል። እኔ በደብረ ታቦርና በአካባቢው ባሉ ወረዳዎች የተማሪ ክበባትን በቪዲዮ ሥራ አግዛለሁ። ሐሳቡን ይዘው የሚመጡት ተማሪዎች ሁሉ ለወገናቸው የሚቆረቆሩ ናቸው። «ቫይረሱ በደሟ ያለባትን ጎረቤታችንን እንቅረጽ፤ ወላጆቻቸውን ያጡትን ሕፃናት እናሳይ፤ ሰው አይቶ ይማር» ይላሉ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ቁጭ ብለን ልንነጋገርበት የሚገባ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። ይኸውም የተቸገረን፣ የታመመን ወይም ያዘነን ሰው መቅረጽ ምን ማለት ነው? «እሺ» ካለን በቂ ነው ወይ? የሚለው ነው። የዛሬው ጽሑፌም ይህንኑ ይመለከታል።

ለመሆኑ ዘጋቢ ፊልም ምንድን ነው?

ዘጋቢ ፊልም ማለት ተዋናይ ሳይቀጠር በእውነተኛ ሰዎችና በእውነተኛ ሁኔታ ላይ የሚሠራ ፊልም ነው። ከነዚህ መካከል የግል ዘጋቢ ፊልም የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሠሪው የገዛ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን፣ ጓደኛውን ወይም ራሱን የሚቀርጽበት ነው። እናንተ በስልካችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ይህንኑ ነው።

ለጉዳት የተጋለጠ ሰው የምንለውስ ማንን ነው? ሕፃናትን፣ የታመሙትን፣ ጥቃት የደረሰባቸውን፣ የሚበሉት ያጡትን፣ የተፈናቀሉትን፣ ሰው ቢያውቅባቸው ሊገለሉ የሚችሉትን ነው። እነዚህን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። «አይሆንም» ለማለት አቅም ያንሳቸዋል። የተራበ ሰው ካሜራ ይዞ የመጣውን እርዳታ ይዞ የመጣ ይመስለዋል። የታመመች ሴት የሐኪሙን እንግዳ እምቢ ብትል ሕክምናው የሚቀርባት ይመስላታል። አክስት ደግሞ የወንድሟን ልጅ እምቢ ማለት አትችልም። ስለዚህ ከነዚህ ሰዎች አፍ የምትወጣው «እሺ» ከእኔና ከእናንተ «እሺ» ጋር እኩል አትመዘንም።

ከአገራችን ታሪክ እንማር

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። እንዲያውም የተቸገሩ ሰዎችን ስለመቅረጽ ዓለም ሲከራከር አገራችን ሳትጠቀስ አትታለፍም።

በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ የነበረውን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ፊልሙ ተደብቆ የነበረውን ረሃብ አጋለጠ፤ እርዳታም አስገኘ። ይሁን እንጂ ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም። ከአንድ ዓመት በኋላ ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያቀያየረ ቀጠለውና መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወረዱ።

የንጉሡ መውረድ ትክክል ነበር፣ አልነበረም የሚለውን ለታሪክ መምህሮቻችሁ ልተወው። እኔ የማነሣው ስለ ተቀረጹት ሰዎች ነው። በወሎ መንገድ ዳር ተኝተው የተቀረጹት እናቶች ምስላቸው በመጀመሪያ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ፣ ቀጥሎም ለፖለቲካ ዓላማ ዋለ። ለሁለተኛው የጠየቃቸው አልነበረም። ለመጀመሪያውም ቢሆን ብዙዎቹ መልስ ለመስጠት የሚያበቃ አቅም አልነበራቸውም። አንድ ምስል አንዴ ከተቀረጸ በኋላ ማን እንደሚቆርጠው፣ ማን እንደሚቀጥለውና ለምን እንደሚያውለው የተቀረጸው ሰው አያውቅም።

ከ10 ዓመት በኋላ ሌላ ረሃብ መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ዓለምም ተንቀሳቀሰ። በዚያው ሰሞን የካናዳ ቴሌቪዥን ቡድን መቀሌ ላይ በሞት አፋፍ ያለች አንዲት ሕፃን ቀረጸ። ያ ምስል ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን በተካሄደው ላይቭ ኤይድ በተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ታየ፤ ተመልካቹም አለቀሰ። ትሞታለች የተባለችው ሕፃን ግን አልሞተችም። ብርሃን ወልዱ አድጋ፣ ተምራ፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን ሃይድ ፓርክ ላይቭ ኤት በተባለው ዝግጅት መድረክ ላይ በሺዎች ፊት ቆመች።

ሁላችንንም ደስ የሚያሰኝ ታሪክ ነው። ነገር ግን እስቲ አስቡት። አንዲት ወጣት በዓለም ዙሪያ የምትታወቀው በሕይወቷ በጣም በከፋው ቀን በተነሣ ምስል ሲሆን ምን ይሰማታል? እሷ 20 ዓመት ስታድግ ያ ምስል አንድ ቀን እንኳ አላደገም። ሰው ይለወጣል፤ ፊልም ግን እንደተቀረጸ ይቀራል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ረሃብ በኋላ የእርዳታ ድርጅቶች ራሳቸውን መጠየቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ሰዎችን አቅመ ቢስና የሰው እጅ ጠባቂ ብቻ አድርገው ከሚያሳዩ ምስሎች መቆጠብ እንደሚገባ ተስማሙ።

መድኃኒቱ መጣ፣ ፊልሙ ግን እዚያው ቀረ

ወደ ራሳችን ጉዳይ፣ ወደ ኤች አይ ቪ እንመለስ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ስለ ኤድስ የሚዘጋጁ ቪዲዮዎችና ፖስተሮች አስፈሪ ነበሩ። አጥንታቸው የቀረ ሕሙማን፣ አልጋ ላይ የሚያቃስቱ እናቶች፣ መቃብር። «ያየ ይፈራል፣ የፈራ ይጠነቀቃል» ተብሎ ነበር የታሰበው። ከዚያ በኋላ በ1997 ዓ.ም. የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ብዙ ሰው ከአልጋው ተነሣ። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ ወልዶ ይኖራል። በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ከደረሰና እዚያው ከቆየ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ «ልትሞት ነው» ተብላ የተቀረጸች እናት ዛሬ በሕይወት ካለች ያ ቪዲዮ ስለ እሷ የሚናገረው ነገር እውነት አይደለም። ልጇ ዛሬ እንደ እናንተ የ10ኛ ወይም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮው በአንዱ ስልክ ላይ ብቅ ቢልስ?

ይህን ጉዳይ ከሁሉ አጉልቶ ያሳየኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ «መርሲ መርሲ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ነው። የሠራችው ካትሪነ ሪስ ኬር የተባለች ዴንማርካዊት ናት። ፊልሙ አንድ ኢትዮጵያዊ ባልና ሚስትን ለአራት ዓመታት ያህል ይከተላል። ሁለቱም ቫይረሱ በደማቸው ይገኛል። «ብዙ አንቆይም፤ ልጆቻችን ሜዳ ላይ ይቀራሉ» ብለው ስላመኑ ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸውን ለዴንማርካውያን ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ሰጡ። ወላጆቹ ግን መድኃኒት እየወሰዱ በሕይወት ቆዩ። ስለ ልጆቻቸው ወሬ ለማግኘት ደጅ ይጠናሉ፤ የሚጠብቁትን ያህል ወሬ አያገኙም። ሴቷ ልጅ ደግሞ ከአዲሶቹ ወላጆቿ ጋር መስማማት አቅቷት በመጨረሻ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተወሰደች። ይህ ሁሉ በካሜራ ፊት ሆነ።

ፊልሙ ዴንማርክ ውስጥ ከፍተኛ ክርክር አስነሣ። የጉዲፈቻ አሠራሩን ጉድለት ማንም ሊክደው በማይችል መንገድ አሳይቷል። ኢትዮጵያም በጥር 2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ «ይህ ፊልም ባይሠራ ይሻል ነበር» ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

ግን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም። ያቺ ልጅ ስታለቅስ፣ ስትቆጣ፣ ስትገፋ የሚያሳየውን ምስል እንዲታይ የፈቀደው ማን ነው? እሷ ፈቃድ መስጠት የምትችልበት ዕድሜ ላይ አልነበረችም። የወለዷት ሩቅ ናቸው፤ ያሳደጓትም ጭንቀት ውስጥ ናቸው። ካሜራ የያዘውስ ሰው ሕፃን ስትጎዳ እያየ መቅረጹን መቀጠል አለበት ወይስ ካሜራውን አስቀምጦ ጣልቃ መግባት? ሁለቱንም ወገን የሚደግፍ በቂ ምክንያት አለ። እኔ የማምነውን ልንገራችሁ። ፊልሙ ሊጠብቅ ይችላል፤ ሕፃን ግን አትጠብቅም። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩትም ሆን ብዬ ነው። ትምህርቱን ለመውሰድ ስማቸው አያስፈልገንም።

ከጉና ሥር

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ በትግራይ ኃይሎች ተይዛ በነበረችባቸው ዘጠኝ ቀናት ሴቶች በታጣቂዎች ተደፍረዋል። በዚያው ጦርነት በትግራይም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ሴቶች ተመሳሳይ ግፍ ደርሶባቸዋል። በ2014 ዓ.ም. አምነስቲ ኢንተርናሽናል የ16 የነፋስ መውጫ ሴቶችን ቃል ይዞ ዘገባ አወጣ። ሴቶቹ የተነጋገሩት በቪዲዮ ጥሪ ነበር። ዘገባው ሲወጣ ግን ፊታቸው አልታየም፤ ስማቸውም ተቀይሯል። የደረሰባቸውን ግፍ ግን ዓለም ሰማ።

ይህ ምን ያሳየናል? እውነትን ለመናገር ፊትን ማሳየት ግዴታ አይደለም። ማስረጃውን ከባዱ ያደረገው የሴቶቹ ቃል ነው። ፊታቸው ቢታይ ኖሮ ግን ሴቶቹ ገበያ በወጡ ቁጥር፣ ቤተ ክርስቲያን በተሳለሙ ቁጥር የሚጠቋቆምባቸው ባልጠፋ።

በዚህ አጋጣሚ ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ አንድ የጤና ጉዳይ አለ። የመደፈር ጥቃት የደረሰበት ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ በኤች አይ ቪ እንዳይያዝ የሚከላከል መድኃኒት ይጀምራል፤ ለ28 ቀናትም ይወስዳል። በቶሎ በተጀመረ መጠን የተሻለ ይከላከላል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ የመጀመሪያው ሥራ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ሳይሆን አጅቦ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። የምትቀርጹበት እያንዳንዱ ሰዓት ከዚያ 72 ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነው።

«ምን ገዶኝ»

አሁን ደግሞ በሥራዬ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።

አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ፣ ስለ አክስቴ ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ» ብሎ መጣ። እናቱ ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ከቫይረሱ ጋር ይኖራሉ፤ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ብዙ ዓመት ወስደዋል። ድንች ነግደው ቤት ሠርተዋል። ልጁ «ጀግና ናት፤ ሰው ይወቅላት» ነው የሚለው። እውነቱን ነው፤ ጀግና ናቸው።

«ጠየቅካት?» አልኩት።

«አዎ፣ እሺ ብላለች።»

አብረን ሄድን። እንደ አገሩ ወግ ቡና ተፈላ። እኔም «ልጁ የሚለውን ሰምተዋል፤ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«እሱ ካለ ምን ገዶኝ! የሱ ነገር የኔ ነገር አይደል?» አሉ እየሳቁ።

«ፊልሙ የት የት እንደሚታይ ነግሮዎታል?»

«ለትምህርት ቤቱ ነው ያለኝ።»

«በትምህርት ቤቱ ከታየ በኋላ በስልክ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ሰውም፣ ዐረብ አገር ያለ ዘመድዎም ሊያየው ይችላል። አንዴ ከወጣ በኋላ እኔም ልጁም መመለስ አንችልም።»

ዝም አሉ። ሲኒውን አስቀመጡና ወደ ጓዳ ተመለከቱ። ጓዳ ውስጥ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው እያጠናች ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሷ እኮ አታውቅም» አሉ።

እንግዲህ አያችሁ! ልጅቷ ስለ እናቷ የምትሰማው አዳራሽ ውስጥ ከ500 ተማሪዎች ጋር ተቀምጣ ሊሆን ነበር። ልጁ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ይህ በሐሳቡም አልመጣለትም። አክስቱም አላሰቡትም። ጥያቄው የመጣው ከሚወዱት ልጅ ስለሆነ መልሱ የፍቅር መልስ ሆነ። የግል ዘጋቢ ፊልም ትልቁ አደጋ ይኸው ነው። ባዕድ ሲመጣ ሰው ይጠነቀቃል፤ ከገዛ ልጁ ግን አይጠነቀቅም።

መጨረሻው ምን ሆነ? ፊልሙ አልተሠራም። አክስቲቱ በራሳቸው ጊዜ ልጃቸውን አስቀምጠው ነገሯት። ልጁ ደግሞ የአክስቱን ታሪክ መነሻ አድርጎ፣ ስምና ሥራ ቀይሮ፣ አጭር ድራማ ጻፈ። በሚኒ ሚዲያ ሲተላለፍ ተማሪው ጸጥ ብሎ ነው ያዳመጠው። የማን ታሪክ እንደሆነም ያወቀ የለም።

ፊት መሸፈን ብቻውን አይበቃም

ብዙ ተማሪዎች «ፊቷን እናደበዝዘዋለን፤ ምን ችግር አለው?» ይላሉ። በትልቅ ከተማ ይህ ሊያስኬድ ይችላል። በእኛ አካባቢ ግን ሰው በድምፁ ይታወቃል። በአረማመዱ፣ በጋቢው ጥለት፣ በግቢው በር፣ በጓሮው ባሕር ዛፍ ይታወቃል። ከበስተጀርባ ጉና በየት በኩል እንደሚታይ አይቶ «ይሄ የእነ እገሌ ሰፈር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። መድኃኒታቸውን ከሰው ዐይን ለመሸሸግ የቅርቡን ጤና ጣቢያ አልፈው ሌላ ከተማ ድረስ የሚመላለሱ ወገኖች አሉ። የእነሱን ድካም በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከንቱ ማድረግ ይቻላል።

የራሴ ታሪክ ቢሆንስ?

ይህ ጥያቄ ከቫይረሱ ጋር የተወለዳችሁና ዛሬ ለወጣትነት የበቃችሁ አንባቢዎቻችንን ይመለከታል። «የራሴ ሕይወት ነው፤ ራሴን ብቀርጽ ማን ይከለክለኛል?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ታሪኩ የእናንተ ነው። ነገር ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። «ስወለድ ጀምሮ አብሮኝ ነው» ስትሉ የእናታችሁንም ምስጢር እየተናገራችሁ ነው። እናት በሕይወት ካለች እሷም ትጠየቅ። ወንድምና እኅት ካሉም ይወቁ። ከጤና ባለሙያ ወይም ከምታምኑት አማካሪ ጋር ተነጋገሩ። ዛሬ 17 ዓመታችሁ ነው፤ 30 ዓመት ሲሞላችሁ፣ ሥራ ስትይዙ፣ ትዳር ስትመሠርቱ ያ ቪዲዮ አብሯችሁ አለ። ያም ሆኖ ለመናገር ከወሰናችሁ በርቱ፤ ውሳኔው የእናንተ ነው። እኔ የምለው ተመካክራችሁ፣ ሳትቸኩሉ አድርጉት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ይህ ጉዳይ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይናገራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 ላይ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በሕዝብ ዘንድ የታወቁ ሰዎችንና በአደባባይ የሚደረጉ ክንውኖችን የሚመለከቱ ልዩ ሁኔታዎች በሕጉ ቢኖሩም የጎረቤታችሁ የጤና ሁኔታ ከነዚያ አይመደብም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መካከል አስቀምጦታል።

ታዲያ ዝም እንበል?

ኧረ በፍጹም! ዝምታ ገዳይ ነው። በአገራችን አድልዎና መገለል የቀነሰው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወገኖች ወጥተው በድፍረት ስለተናገሩ ነው። ማኅበር አቋቁመው፣ በየትምህርት ቤቱ ዞረው፣ ፊታቸውን አሳይተው አስተምረዋል። ልዩነቱ እነሱ ራሳቸው ወስነው፣ ተዘጋጅተው፣ ደጋፊ ይዘው መውጣታቸው ነው።

ሌላም ጥሩ ምሳሌ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ «ቤተኛ» የሚባል የሬዲዮ ፕሮግራም ነበር። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን እንደ ማስታወሻ በገዛ ድምፃቸው ይተርኩ ነበር። ትረካው በሞት ላይ ያተኮረ አልነበረም። ስለ ሥራ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ ይናገሩ ነበር። ሰሚው «እንደ እኔው ሰው ናቸው» አለ። ባለታሪኩ ራሱ ተራኪ ሲሆን ክብሩ በእጁ ይቆያል።

ካሜራ ከመክፈታችሁ በፊት

ክበባችሁ ቪዲዮ ለመሥራት ካሰበ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ በሉ።

1. ሦስት ጊዜ ጠይቁ። ከመቅረጻችሁ በፊት፣ ቀርጻችሁ ስትጨርሱ፣ እንዲሁም ተቆራርጦ ያለቀውን ለባለታሪኩ ካሳያችሁ በኋላ። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ «ይቅር» ካለ ይቅር።

2. የት እንደሚታይ በግልጽ ተናገሩ። «ለትምህርት ቤት ብቻ» ብላችሁ ቃል ከመግባታችሁ በፊት ቃሉን መጠበቅ መቻላችሁን አረጋግጡ። ፋይሉ በማን ስልክ፣ በማን ሚሞሪ ላይ እንደሚቀመጥ ይታወቅ።

3. በፊልሙ ሌላ ማን እንደሚነካ ጠይቁ። ልጅ፣ ባል፣ እናት፣ ጎረቤት። አንድ ሰው ራሱን ይፋ ሲያወጣ ቤተሰቡም አብሮ ይወጣል።

4. ሕፃን ከሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ሕፃኑም ይጠየቅ። ሁለቱም እሺ ቢሉ እንኳ ስለ ጤናው የሚናገር ቪዲዮ ላይ ፊቱንም ስሙንም አታውጡ።

5. እርዳታ ቃል አትግቡ። «ሰው አይቶ ይረዳዎታል» ብሎ ማስፈቀድ ችግርን መጠቀሚያ ማድረግ ነው።

6. በጠበል ቦታ፣ በሆስፒታል ወረፋ ላይ፣ በለቅሶ ቤት ሰው ራሱን መቆጣጠር በማይችልበት ሁኔታ ላይ እያለ አትቅረጹ። ያ ሰው ነገ ሲረጋጋ ራሱን እንዲህ ሆኖ ማየት አይፈልግም።

7. ሰው አደጋ ላይ ካያችሁ ካሜራውን አስቀምጡ። መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ ወላጅ ጥሩ።

8. ሌላ መንገድ ፈልጉ። ድራማ፣ የሬዲዮ ትረካ፣ ሥዕል፣ ከጤና ባለሙያ ጋር ቃለ መጠይቅ። ወይም ካሜራውን ለባለታሪኩ ስጡትና የሚፈልገውን ራሱ ይቅረጽ።

በመጨረሻም አንድ መመዘኛ ልስጣችሁ። ፊልሙን ከማሳየታችሁ በፊት «ይህ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ይህን ቢያይ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካላወቃችሁት ሄዳችሁ ራሱን ጠይቁት።

ለክበባችሁ የመወያያ ጥያቄዎች

• «መርሲ መርሲ» የተባለውን ፊልም እናንተ ብትሠሩ ኖሮ ካሜራውን የምታስቀምጡት የትኛው ጊዜ ላይ ነው? ለምን?

• የገዛ እናታችሁ «እሺ» ብትሏችሁ ይህ «እሺ» ከልብ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

• የተቸገረ ሰው ቪዲዮ በስልካችሁ ቢደርሳችሁ ለጓደኛ ከማስተላለፋችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?

የተወያያችሁበትን ጻፉልን፤ ስማችሁን መጥቀስ ግዴታ አይደለም። ለዛሬው በዚሁ ላብቃ። ቸር ይግጠመን!